ከቤቱ ወጥቶ ከቤቱ ስላልወጣ መንገደኛ

ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር በሚሄድበት ጊዜ ሁለት ሸክም ይዞ ይነሣል፤ አንደኛው ስንቁ ነው፤ ሁለተኛው አሳቡ ነው። በቀድሞው ዘመን መንገደኛ ስንቁን በአቁማዳ፣ አሳቡን በልቡ አድርጎ ሲጓዝ፣ መንገዱ በረዘመ መጠን ሁለቱም እየቀለሉለት ይሄዱ ነበር። የቤቱ ነገር ከኋላው ይቀርና ዐይኑ በፊቱ ያለውን ተራራ፣ ወንዝና ሰው ማየት ይጀምራል። ዛሬ ግን በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሰፈሩን ወሬ፣ የመሥሪያ ቤቱን ጣጣ፣ የጎረቤቱን ጠብ ሳይቀር በየደቂቃው እያመጣ ይጭንብናል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዞ ከቤቱ ደጃፍ ሳይወጣ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ይህን ልማድ ነው፤ ከምተቻቸውም ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ መሆኔን ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፣ አዲስ ነገርን ሁሉ ከሚያወግዙት ሽማግሌዎች ወገን አድርጋችሁ እንዳትቈጥሩኝ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፣ ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ መሰማቱ ያስደነገጣቸው ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ ይተረካል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተመለሱም፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። የዚያን ዘመን ተቃዋሚዎች ዛሬ ቢነሡ፣ የልጅ ልጆቻቸው የበዓሉን ማሕሌት በስልክ ቀርጸው ባሕር ማዶ ላሉት ዘመዶቻቸው ሲልኩ ባዩ ነበር።

እኔ የተማርሁት ከወላጆቼ ቤት የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። በደኅና መግባቴን እናቴ ያወቀችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እርሱም አንድ ነጋዴ እግረ መንገዱን ባደረሰላት ወረቀት ነው። ማንበብ አታውቅም ነበርና ወረቀቱን ይዛ ወደ ደብሩ መሪጌታ ዘንድ ሄደች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ጅቡንም ወንዙንም፣ የማታውቃቸውን ፈረንጆችም ስታስብ እንቅልፍ እንዳልነበራት ከብዙ ዓመት በኋላ ነገረችኝ። ስለዚህ፣ ልጅ «ደርሻለሁ» የሚለውን አንዲት ቃል ባንድ አፍታ ለእናቱ የሚልክበትን መሣሪያ የሚረግም ሰው ሳይ፣ ይህን ሰው እናት አልወለደችውምን? እላለሁ።

የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ለመንገደኛ ይጠቅማልና ጥቂት ልግለጽ። ሞባይል የሚልክም የሚቀበልም ትንሽ ራዲዮ ነው። በየኰረብታውና በየሕንፃው ራስ ላይ የምታዩት ማማ ሁሉ የተወሰነ ክልል አለው፤ መኪናው ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲሻገር አንዱ ማማ ስልኩን ለሌላው ያስረክበዋል። በአንድ ክልል ያሉ ሰዎች ሁሉ ያንኑ ማማ በጋራ ይካፈሉታል፤ ስለዚህ በጥምቀት ዕለት ሕዝቡ በአንድ ሜዳ በተሰበሰበ ጊዜ ፎቶግራፍ ልላክ ቢሉ፣ ክቡ ሲዞር ይቈያል እንጂ አይሄድም። ማማ በራቀበት ቆላ ደግሞ ስልኩ ድምፁን ለማሰማት ኀይሉን ከፍ ያደርጋልና ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ወደ ገጠር የሚወርድ ሰው ዳታውን ዘግቶ ቢሄድ ለቸገረው ሰዓት ባትሪ ይተርፈዋል። ካርታውንም ከቤቱ ሳለ አስቀድሞ ቢያወርደው ያለ ኔትወርክ ይመራዋል፤ ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ነውና።

በአገራችን ይህ ነገር የተስፋፋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። አራተኛው ትውልድ የሚባለው ፈጣን ኢንተርኔት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ መንገደኛ ገንዘቡን በመቀነት ቋጥሮ መሄዱ እየቀረ መጣ፤ ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ደግሞ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ የቈየ ወዳጄ ታሞ መተኛቱን ሰምቼ ልጠይቀው ወደ ደብረ ሲና ሄድሁ። ከአዲስ አበባ እስከዚያ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከላምበረት መናኸሪያ ተነሣን። አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ ከተሳፋሪው እኩሌታው አንገቱን ደፍቷል። በወጣትነቴ በዚሁ መንገድ ስንሄድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ሰንዳፋ ሳይደርሱ «አገርህ ወዴት ነው?» ተባብለው፣ ሸኖ ላይ ዝምድና ቈጥረው፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንዱ ለአንዱ ቍርስ ይከፍል ነበር። በዚያ ቀን ግን ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ቪዲዮውን ያለ ማዳመጫ ከፍቶ ሁላችንንም ያለ ፈቃዳችን አድማጭ አደረገን። ቀልድ ነበር፤ እርሱም ብቻውን ይሥቅ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስቈጣችኝ ግን ከአጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ናት። ስልኳን ፊት ለፊቷ አቁማ ከሰንዳፋ ጀምራ ትነጋገራለች፤ ምስሉ ይቋረጣል፤ እንደ ገና ትደውላለች፤ «ታይኛለሽ? ትሰሚኛለሽ?» እያለች ትጮኻለች። በመጨረሻው ትዕግሥቴ አለቀና «ልጄ፣ እስክትደርሺ አይቈይልሽም?» አልኋት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «እኅቴ ሪያድ ሰው ቤት ናት። አሠሪዋ ስልኩን የምትሰጣት ዓርብ ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ እሱም ለአንድ ሰዓት።»

እኔም አፈርሁ። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ በጠፋ ቍጥር ከእርስዋ ጋራ አብሬ እጨነቅ ጀመር፤ ስልኩንም ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ ያዝሁላት። እኅትዮዋ ነጭ ግድግዳ ላይ ተደግፋ «እማማ ተሻላት ወይ?» ስትል እኔም ሰማሁ። ስለዚህ በመንገድ ላይ ስልኩን የከፈተ ሰው ሁሉ ባለጌ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ፤ ከዚያ ማዶ ማን እንደሚጠብቀው አታውቁም።

ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ስፍራ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተቦርቡሮ የተሠራ የመኪና ዋሻ አለ። አውቶቡሱ ወደ ውስጥ ሲገባ የሁሉም ኔትወርክ ባንድ ጊዜ ጠፋ፤ የሁሉም ራስ ባንድ ጊዜ ቀና አለ። በኋላ መቀመጫ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በጨለማው ውስጥ «እንደምን አደራችሁ?» ቢሉ አውቶቡሱ በሞላው ሣቀ። ለጥቂት ጊዜ እውነተኛ ባልንጀሮች ሆንን። ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ ከበታቻችን ተኝቶ፣ ገደሉ እስከ ቆላው ድረስ ተዘርግቶ፣ በየተረተሩ ላይ ቤቶች እንደ እንጉዳይ በቅለው ታዩን። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ከፊቴ የነበረው ጎልማሳ ፎቶግራፉን ከላከ በኋላ «ምን አሉ?» እያለ መልስ ሲጠብቅ መንገዱን ጨረሰው። ሌሎች ስለ አገሩ ውበት የሚጽፉለትን ያነብባል እንጂ አገሩን አላየውም።

እኔም በልቤ እየታዘብሁት ወረድሁ። ትዝብቴ ግን እስከ ማታ ብቻ ነበር።

ከወዳጄ ጋራ በአንድ ትምህርት ቤት 11 ዓመት አስተምረናል፤ እርሱ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። በጤናው ጊዜ ነገር የሚያበዛ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጕዳይ ካለው ሌላውን ሁሉ አስቀድሞ ጨርሶ፣ ሰው ሲበተን ጠብቆ፣ በመጨረሻ የሚናገር ሰው ነበር። ልቡን ታሞ ሰውነቱ ከስቶ አገኘሁት። ባለቤቱ ቡና አፍልታ፣ ስለ ድሮ ተማሪዎቻችን ስናወራ፣ የትኛው ሐኪም እንደ ሆነ፣ የትኛው እንደ ተሰደደ ስንቈጥር ዋልን። ከእራት በኋላ ባለቤቱ ወደ ማድቤት ሄደች፤ ልጁም ለማጥናት ወጣ። እርሱ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

በዚያች ሰዓት ስልኬ በኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የሰፈራችን እድር በቴሌግራም መነጋገሪያ ከፍቶ ነበር፤ በዚያች ማታ የድንኳን ነገር ተነሥቶ ኖሯል፤ አዲስ ይገዛ ወይስ አሮጌው ይጠገን የሚል። እኔ የእድሩ ጸሓፊ ስለ ነበርሁ ነገሩ ያለ እኔ የማይሆን መሰለኝና አንድ መልስ ጻፍሁ። አንዱ ተቃወመኝ። ሁለተኛ ጻፍሁ። ሌላው የባለፈውን ዓመት ሒሳብ አነሣብኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሦስተኛ ጻፍሁ። ደብረ ሲና ተቀምጬ አዲስ አበባ ላይ እከራከር ነበር።

በዚህ መካከል ወዳጄ አንድ ነገር ተናገረ። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ቃሉን ግን አልሰማሁትም። የጀመርሁትን መሥመር ጨርሼ ቀና ብዬ «ምን አልኸኝ?» አልሁት። እርሱም ስልኩን አየና ፈገግ ብሎ «ግድ የለም፤ ሥራህን ጨርስ፤ ነገ እነግርሃለሁ» አለኝ። ስጨርስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። በማግሥቱ ሲነጋ ሕመሙ ጠንቶበት መናገር ከብዶት ነበርና እጁን ስሜ ወደ መኪናዬ ሄድሁ፤ በሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብዬ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ዐረፈ። ድንኳኑ ተጠገነ።

ይህን የምጽፈው ነገሩን ለመመርመር ነው። ስልኩ ምን አጠፋ? አላጠፋም ማለት ይቀላል፤ እኔ ራሴም ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ነገር ግን ይህ ንግግር ትሕትና እየመሰለ ነገሩን ይሸፍነዋል። በልጅነቴ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር፤ እንግዳ ፊት ቢመጣ እንግዳው እስኪሄድ አይናገርም። የስልክ መልእክት ግን እየተርገበገበ ይጠራል፤ መልስ የዘገየ እንደ ሆነ ሌላ ይጨምራል፤ ከእነማን ጋራ እንደ ተቀመጥህ አያውቅም። በፊታችን የተቀመጠው ሰው ደግሞ ጨዋ ነውና «ሥራህን ጨርስ» ይላል። ሁለቱ ሲወዳደሩ የሚታገሠው ሁልጊዜ ሰውዬው ነው፤ በተለይም ታማሚ፣ ሽማግሌ፣ ወይም ባለጕዳይ ከሆነ። በቤታችን ሳለን ይህ ቢሆን ጕዳቱ ይካሣል፤ ባለቤታችን ነገ ከእኛ ጋራ ናት። ወደ ሩቅ አገር ሄደን የምናገኘው ሰው ግን ያለው ያቺው አንዲት ማታ ናት። ስለዚህ ከቤት ወጥቶ የሚደረገው የስልክ ነገር በቤት ከሚደረገው ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል እላለሁ። ሰዉ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ መንገድ ሲወጣ አብልጦ ይከፍተዋል።

ይህም የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ቸልታ ብቻ አይደለም፤ የአሻሻጡም ሥርዐት ይገፋፋል። መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ጥቅል ይገዛል። ጥቅሉ የቀን እንደ ሆነ በማግሥቱ፣ የሳምንት እንደ ሆነ በሳምንቱ ይቃጠላል። ሰውም «ከፍዬበት ዝም ብሎ ሊቃጠል ነው?» ይልና ሊያይ ያልፈለገውን ሁሉ ማየት ይጀምራል። አንድ ሰዓት ፊልም በመካከለኛ ጥራት ቢያይ 700 ሜጋባይት ያህል ይሄድለታል፤ እፎይ ይላል፤ ገንዘቡን አተረፈ። ዘመድ ቤት በተጋበዘበት ቀን ጠግቦ ሳለ እንጀራው እንዳይበላሽ ብሎ የሚበላ ሰው ብታዩ ትሥቁበት ነበር። ያልተገደበ የሚባለውን የሚገዛው ደግሞ ማቆሚያውን የሚነግረው የለም። እኔ ለመንገድ ትንሹን ጥቅል ነው የምገዛው፤ ሆን ብዬ ነው። ቪዲዮዎች በራሳቸው እንዳይከፈቱ፣ ፎቶግራፎችም ሳላዝዝ እንዳይወርዱ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ዘግቻለሁ፤ የዘጋልኝ አንድ የ14 ዓመት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ምስጋና ይድረሰው።

ስለ እንግድነትም አንድ ቃል ልጨምር። በቀድሞ ጊዜ እንግዳ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤተ ሰዉን ጤና ነበር። አሁን እግሩ ሳይታጠብ «ዋይፋይ አለ ወይ? የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?» የሚል እንግዳ አይቻለሁ። ዋይፋይ በሌለበት ቤትም ኔትወርክ ፍለጋ ከወንበር ወንበር እየተዛወረ በመጨረሻ ደጅ ወጥቶ ብርድ ላይ ይቆማል፤ ባለቤቶቹ ወጡን ከድነው ይጠብቁታል። እንግዲህ ይህ ሰው ዘመዶቹን ሊጠይቅ ስምንት ሰዓት መንገድ ተጕዟል። ስለ ድካሙ ሲጠየቅ የመንገዱን ርዝመት ይናገራል።

የመሥሪያ ቤት አለቆችም ከወቀሳ አያመልጡም። ፈቃድ ወጥቶ አባቱን ሊቀብር የሄደን ሰው «አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ያን ፋይል ላክልኝ» ብሎ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚያዝ አለቃ አለ። በድሮ ጊዜ ይህን ማድረግ ቢፈልግም አይችልም ነበር፤ ርቀቱ ለድኻው ጠበቃ ይሆነው ነበርና። አሁን ያ ጠበቃ ስለ ሌለ ሰዉ ራሱ እንቢ ማለትን መማር አለበት፤ ይህ ግን ሥራውን ለሚፈራ ሰው ቀላል አይደለም። እናንተም አንድ ቀን አለቆች ትሆናላችሁና ያን ጊዜ አስቡት።

ወዳጄ ሊነግረኝ የፈለገውን ነገር አላወቅሁትም። ለዐርባው በሄድሁ ጊዜ ባለቤቱን ጠየቅኋት። ብዙ ካሰበች በኋላ «እንጃ፤ ምናልባት ስለ ልጁ ይሆናል፤ ስለ እርሱ ትምህርት ሲጨነቅ ነበር። ወይም ስለ መሬቱ ክርክር ይሆናል። እርስዎን በጣም ይጠብቅዎ ነበር» አለችኝ። እኔም ስለ መሬቱ ምንም ማድረግ አልችልምና ስለ ልጁ ነው ብዬ ያዝሁ።

ልጁ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ፈተናውን አልፎ በባሕር ዳር ተመደበ፤ ከጡረታዬ የምችለውን እልክለት ጀመር፤ በቴሌብር ነው። እሑድ እሑድ ማታም በቪዲዮ እንነጋገራለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ በቀረ ጊዜ፣ ፊቱን ሳላይ ድምፁን ብቻ በተራ ጥሪ፣ እርሱም ሲገኝ፣ እሰማ ነበር። እናቴ የቈጠረቻቸውን ሦስት ሳምንታት ያን ጊዜ አሰብሁ። ስለዚህ ይህን መሣሪያ እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

አሁን ልጁ ሐዋሳ ሥራ ይዟል። ቀድሞ በሰዓቱ ይደውል የነበረው አሁን ከሥራ ሲወጣ፣ በባጃጅ ሲሄድ፣ ከጓደኞቹ ጋራ ምሳ ሲበላ ሳይቀር ይደውልልኛል፤ ስለሚወደኝ ነው። ባለፈው ሳምንትም ደወለ፤ ከኋላው ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ማኪያቶዋን ይዛ ተቀምጣ አየኋት።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» አለኝ።

«ደኅና ነኝ» አልሁት። «ማን ናት ልጅቱ?»

ዞር ብሎ አያትና ሣቀ። «ጋሼ፣ አስተዋውቅዎታለሁ፤ ቈይ ስልኩን ልስጣት—»

«ተው፤ አሁን ዝጋውና ከእርስዋ ጋራ ተጫወት» አልሁት፤ «እኔን እሑድ ታገኘኛለህ።» እንቢ እንዳይል ስልኩን ፈጥኜ ዘጋሁት።